ሴሪያል ቁጥር የሌለው ጊታር ሁሉ ፕሮቶታይፕ (የሙከራ ናሙና) አይደለም

ወንድሜ፣ እዚህ ሐዋሳ አንድ ሰው «ሴሪያል ቁጥር የለውም፣ የፌንደር የሙከራ ናሙና ነው» ብሎ ጊታር ሊሸጥልህ እንደሆነ ጽፈህ «ልግዛው ወይ?» ብለሃል። ለዚህ ብለህ አትግዛው። ቁጥር በአሸዋ ወረቀት ይጠፋል።

የፌንደር ጊታር ኩባንያ መሥራች ሊዮ ፌንደር በ1949 እ.ኤ.አ. የሠራው ናሙና መልኩ ይታወቃል። አካሉ ፓይን እንጨት ነው፣ ነጭ የተቀባ። ፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) አንድ ብቻ ነው፤ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት) ጋ በሰያፍ ተቀምጧል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ጭንቅላቱ ነው። መቃኛዎቹ ሦስት በሦስት ሆነው ግራና ቀኝ ናቸው! ስድስቱም በአንድ ወገን የተደረደሩት በኋላ ነው። እንደዚያ ሲሆን ክሩ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ መቃኛው ላይ ይደርሳል።

ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ እንዲህ ያለ «ብርቅዬ» ገዝቶ አመጣልኝ። ከጀርባ አራቱን ብሎን ፈትቼ አንገቱን አወጣሁት። ቀለም ያልነካው ጎድጓዳ ውስጥ የኮምፖርሳቶ ንብርብር ቁልጭ ብሎ ታየ፤ የሊዮ ናሙና ግን ፓይን ነው። በጣም አዘንኩለት።

ስለዚህ ብር ሳትከፍል አንገቱን አስፈትተህ እይ። ሻጩ እምቢ ካለ ተወው። ከፈታው ደግሞ የውስጡን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።