ጋሼን ይጠይቁ፦ የባንዳው የልጅ ልጅ ልጅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቀድሞ ተማሪዎ ነኝ። ለልጄ ሽማግሌ ተልኮብኛል። የልጁ ቅድመ አያት በጣሊያን ጊዜ ባንዳ ነበሩ፤ የአያቴን ከብት አስነድተዋል። ነጻነት ሲመጣ ግን ጭራሽ ተሾሙ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ «ማን ጠይቆኝ ነው ይቅር ያልኩት?» እንዳሉ ነበር። አገር ነጻ ሲወጣ የትናንቱን ጠላት እንዲህ ዝም ብሎ ማለፍ አለበት? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ አሉ። እኔ በዚህ አልጣላቸውም። ልጅ ሳለሁ ደብረ ብርሃን የቀረ አንድ ጣሊያን መካኒክ ነበር። አባቴ አርበኛ ነበሩ፤ እሱን ግን ቆመው ሰላም ይሉታል። «ታዞ የመጣ ነው» ይላሉ። የመንደራችንን ባንዳ ሲያዩ ግን መንገድ ይቀይሩ ነበር። ጣሊያኑ ቤታችንን አያውቀውም። ያኛው ነው መርቶ ያመጣቸው።

አሜሪካኖችም ይሄ ገጥሟቸዋል። ለነጻነታቸው ከእንግሊዝ ጋር በተዋጉበት ጊዜ እንግሊዞች ኒው ዮርክን ሲይዙ ኤልዛቤት ሩትገርስ የምትባል ባልቴት የቢራ መጥመቂያዋን ጥላ ሸሸች። ከእንግሊዝ ጎን የቆሙ ነጋዴዎች ገቡና ጠመቁበት። ጦርነቱ ሲያልቅ የኪራይ ገንዘቤን ብላ ከሰሰች። የተከሳሹ ጠበቃ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ራሱ እንግሊዝን የተዋጋው ሰውዬ! የሰላም ውል ፈርመናል፣ እናክብረው ነው ክርክሩ። ፍርድ ቤቱ በ1784 እ.ኤ.አ. ነገሩን ለሁለት ከፈለው። በእንግሊዝ ጦር አዛዥ ፈቃድ ለሠሩበት ጊዜ ኪራይ የለም፤ ከዚያ በፊት ላለው ግን ይከፈላት። ባልቴቷ የጠየቀችውን ሁሉ አላገኘችም። ቢያንስ አቤቱታዋ ተሰማ።

አያትህን ያንገበገባቸው ይሄ መሰለኝ። በእኛ አገር እርቅ በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው ጎንበስ እንዳለ ይቆማል። በ1933 ግን ባንዳዎቹ ድንጋዩን ሳይሸከሙት «አውርዱ» ተባሉ። ያውም ያላቸው ተበዳዩ አይደለም፣ መንግሥት ነው። ሹመቱ ደግሞ ሌላ ቁስል ነው፤ ስንቱ አርበኛ እጁን አጣጥፎ እያየ!

ልጁ ግን ምን አጠፋ? ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አስቀምጣቸውና የከብቶቹን ነገር አንሣ። ካሳ አትጠይቅ። አያትህ ስንት እንደነበሩ ነግረውህ ከሆነ ቁጥሩን ጥራላቸው፣ ይስሙት። ከዚያ ቡናው ይፈላ።