ሐረማያ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ይለወጣል። ስለ ቤት ኪራይና ስለ መብራት ሲጽፉልኝ የከረሙ ሰዎች «ልጆቹን ይዘን የት እንሂድ?» ይሉኛል። የዘንድሮው ጥያቄ ግማሹ በድሬ ዳዋና በሐረር መካከል ስላለው ስለ ሐረማያ ሐይቅ ነው። በእሱ እጀምራለሁ፤ ሌሎቹንም በመሃል በመሃል እመልሳለሁ።

ከድሬ ዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፈ አባት፦ መኪና የለንም፤ ሦስት ልጆች ይዘን እሁድን ሐረማያ ውለን መመለስ እንችላለን ወይ?

በደንብ ነዋ። የሐረር ሚኒባስ ያዙና ሐረማያ ከተማ ላይ ውረዱ። ከዚያ በባጃጅ ነው። በጠዋት ውጡ፤ ማታ ከተመላሹ ሰው ጋር ከመጋፋትም ትድናላችሁ። የደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛ ነው፤ መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ካለ ቁርሱን ቀለል አድርጉለት። ሹራብ ደግሞ እንዳትረሱ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ። ድሬ ላይ በላብ ተጠምቆ የተሳፈረ ልጅ እዚያ ሲወርድ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ጀልባ የምትሳፈሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ ላይፍ ጃኬት ይኑር። ከሌለ ዳር ላይ ተቀምጣችሁ ብሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ። «ቅርብ ነው የምንሄደው» የሚል የባለጀልባው መልስ አይበቃም።

«አለማያ» ነው «ሐረማያ» የሚባለው?

ቦታው አንድ ነው። የዛሬው ስሙ ሐረማያ ነው፤ «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው።

አንዲት እናት ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፈውልኛል። የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆቻቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ሄደው ሐይቅ ውስጥ ሲንቦራጨቁ ውለዋል። ማታ እግራቸው ሽፍ ብሎ አሳከካቸው። ሎሚ ቀቧቸው፤ በሁለት ቀን ጠፋ። «አሁን ደህና ናቸው፤ ግን ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው ወይስ ልተወው?» ይላሉ።

ይውሰዷቸው እንጂ! እርስዎን ያዘናጋዎት ማሳከኩ መጥፋቱ ነው። እኔን ደግሞ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ የሚመጣው እንዲህ ካለ ውሃ ነው። ጥገኛ ትሉ በመጀመሪያ በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ወጥቶ በውሃው ይዋኛል፤ የሰው ቆዳ ሲያገኝ ቀዳዳ ሳይፈልግ ሰርስሮ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን መንከር ብቻ ይበቃዋል። ሽፍታው የመግቢያው ምልክት ሊሆን ይችላል። ሽፍታው ሲጠፋ ትሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ወደ ደም ሥር ገብቶ እንቁላል መጣል ይጀምራል፤ ሳይታከም ከቆየ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። በሀገራችን ሐይቆችና ወንዞች ዳር በብዛት ያለ በሽታ ነው፤ የሚጠቁትም በአብዛኛው ልጆች ናቸው።

የተነከረ ሁሉ ታመመ ማለት አይደለም። ልጆችዎም ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። ግን ይህን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ እኔም ከደብዳቤ ላይ አንብቤ ልነግርዎ አልችልም። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ሐይቅ ገብተው ነበር» ይበሉ፤ ቀኑንም ይንገሩ። ቀኑ አስፈላጊ ነው። እንቁላሉ በሰገራ ምርመራ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬ ተመርምረው «የለም» ቢባሉ እንኳ መቼ መመለስ እንዳለብዎት ይጠይቁ። በመሃል ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም ያለው ተቅማጥ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ መጠኑ በልጁ ክብደት ነው የሚሰላው። ከጎረቤት ተውሰው እንዳይሰጧቸው አደራ። ሎሚውን ለሻይ ያድርጉት።

ሌሎቻችሁም፦ ዳር ላይ ተቀመጡ፣ ጀልባ ላይ ውጡ፤ ልጆቹን ግን ውሃው ውስጥ አትልቀቁ። ዳርቻው ጭቃ ነው፤ እግር ይይዛል።

የአራት ዓመት ልጅ የሐረርን የጅብ ምገባ ቢያይ ችግር አለው?

ማየት ይችላል፤ በእንጨት ጫፍ ስጋ ይዞ ማጉረሱ ግን ይቆየው። ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ጅቦቹ በየስማቸው ሲጠሩ መስማቱ ብቻ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ካለቀሰ «ወንድ ልጅ አይፈራም» ብላችሁ አታስገድዱት፤ ወደ ቤት ውሰዱት።

ከሐረር የመጣ ጥያቄ፦ ባቢሌ ሄደን በአንድ ቀን ዝሆን አይተን መመለስ እንችላለን?

ዝሆን አያለሁ ብለህ እንግዳ ይዘህ ከሄድክ ልታፍር ትችላለህ። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ በጣም ሰፊ ነው። ዝሆኖቹ በጎቤሌና በኤረር ሸለቆዎች ውሃና መኖ ተከትለው ይዘዋወራሉ። ጥቅጥቅ ያለ ቁልቋል ውስጥ ሲገቡ ያን የሚያህል አካል ዓይን ይስታል። ያለ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) አትግባ፤ ዝሆን ሰው ይገድላል። ስለ መንገዱ ሰላምም ከመነሳትህ በፊት የመጠለያውን ሰዎች ጠይቅ። አንድ ቀን ብቻ ካለህ በጅጅጋ መንገድ ወደ ዳካታ ሂድ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ታያለህ፤ ነካ ቢያደርጉት የሚወድቅ ይመስላል። ለውዝም ከባቢሌ ግዛ።

አንድ ወጣት፦ ሐይቁ ዳር ቦታ አግኝቼ ካፌና መናፈሻ ልከፍት ነው። ውሃው ቅርብ ስለሆነ በሞተር እየሳብኩ ሣርና አበባ አለማለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

ወንድሜ፣ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። ሞተሩን ግን ተወው።

ዕድሜህን አልጻፍክም፤ ሐይቁ ሲደርቅ ልጅ ነበርክ ብዬ ልገምት። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ነው ያለቀው። እኔ ያኔ ወለሉ ላይ ቆሜ ነበር። ጭቃው እንደ ተሰበረ ምጣድ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሞልቶ ነበር፤ ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። አብረውኝ የነበሩ አዛውንት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ውሃው እዚህ ድረስ ይደርስ ነበር ብለው አሳዩኝ። ከዚያ እጃቸውን አውርደው ዝም አሉ። ፍየሎች በመካከላችን አቋርጠው ሄዱ።

ያን ሐይቅ ድርቅ ብቻ አልገደለውም። ሐረማያ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚገባለት የዝናብ ውሃና ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በየቀኑ ድርሻዋን ትወስዳለች። በዚያ ላይ እኛ መጣን። ለጫቱ ተሳበ። ለድንችና ለካሮቱ ተሳበ። ሐረር ከተማም ለዓመታት የጠጣችው ከዚያ ነው። ኮረብታው ሲራቆት አፈሩ በጎርፍ ወርዶ ወለሉን ሞላው፤ ጥልቀቱ ያነሰ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይተናል። እያንዳንዱ ባለሞተር «የእኔ አንዲት ሞተር ምን ታደርጋለች?» ብሎ ነበር። ዋጋውን ሐረር ከፈለች። ጄሪካን ተሸክመን የተሰለፍንበትን ጊዜ የሐረር ሰው ይረሳዋል ብዬ አላስብም። በኋላ ውሃው ከድሬ ዳዋ በኩል ከጉድጓድ ተስቦ፣ ያን ሁሉ ዳገት ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። ከደጃችን የነበረውን ውሃ አጥፍተን ከቆላ መሳብ ጀመርን ማለት ነው።

አሁን ተመልሷል። ዝናቡ ጥሩ ሆነ፣ በኮረብታዎቹ ላይም እርከን ተሠራ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከሚኒባሱ መስኮት ነው፤ ፀሐይ ስታርፍበት አብረቀረቀ። ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። መንገዴን አልጨረስኩም።

ስለዚህ ካፌህን ክፈት፤ ግን ከፍ ብለህ ሥራ። ሐይቁ ሲደርቅ ወለሉን ያረሱ ሰዎች ነበሩ፤ ውሃው ሲመለስ ማሳቸው ተዋጠ። የዳርቻው መስመር አንድ ቦታ አይቆምም። ለሣርህ የጣሪያህን ዝናብ በታንከር አጠራቅም። ሽንት ቤትህ ወደ ሐይቁ እንዳይፈስ ከሁሉ በፊት አስብበት፤ ቅድም የነገርኳችሁ ቢልሃርዚያ አንዱ መነሻው ይህ ነው፣ እንቁላሉ ወደ ውሃ የሚገባው ከሰው ነው። ደንበኛህ ሃይላንዱን፣ ፌስታሉንና የጫት ገረባውን የሚጥልበት በርሜል አስቀምጥ፤ በየማታውም አንሳው። የቦታውን ወረቀት የወረዳው መሬት ቢሮ ያይልህ።

የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል መቼ ነው?

የረመዳን ፆም ካበቃ በኋላ ስድስቱ የሸዋል ቀናት ተጹመው ሲያልቁ። ቀኑ በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን ሐረር አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ጀጎል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ግንቡንና በሮቹን አንሱ። ሰው ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

የመጨረሻው የመጣው ከአንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፦ ሐይቁ ሲደርቅ ዓሦቹና ወፎቹ የት ሄዱ?

ልጄ፣ ዓሦቹ መሄጃ አልነበራቸውም። ውሃው እያነሰ ሲመጣ ወፎች በሏቸው፣ ሰዎችም አጠመዷቸው፤ የቀሩት ሞቱ። ወፎቹ ግን ክንፍ ስላላቸው ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄዱ። አሁን ብዙዎቹ ተመልሰዋል። አንድ እሁድ አባትህ ወይም እናትህ በጠዋት ይውሰዱህ፤ ነፋሱ ሳይነሳ። ደብተርና እርሳስ ያዝ። ዳር ላይ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ድንጋይ አትወርውር። መጀመሪያ ምንም የለም ትላለህ። ትንሽ ስትቆይ ሣሩ ውስጥ አንዱ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ሌላው። ስማቸውን ባታውቅ መልካቸውን ሣል፣ ስንት ዓይነት እንደሆኑም ቁጠር። የቆጠርከውን ጻፍልኝ።