የልጁን ኩባያ ለየሁበት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አራት ኪሎ ነው የምኖረው። የ7 ዓመት ልጄ መንጋጋው ሲያብጥ ጥርሱ ነው ብለን አስነቀልነው፤ እብጠቱ ግን ባሰበት። በኋላ ናሙና ተወስዶ ቡርኪት ሊምፎማ የሚባል የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር ነው ተባለ። እስከ 5 ዓመቱ ያደገው ጋምቤላ አያቱ ዘንድ ነው፤ ወባ ደጋግሞ ይዞታል። ሐኪሙ ቫይረስም እጁ እንዳለበት ነገረኝ። ይህን የሰማች ጎረቤቴ ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ ልጇን ከልጄ ጎን አነሳችው። እኔም ፈርቼ ኩባያውን ከእህቱ ለየሁበት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኩባያውን ዛሬውኑ ይመልሱት። ካንሰሩ አይጋባም። የሚጋባው ቫይረሱ ነው። ኤፕስታይን-ባር ይባላል፤ በምራቅ ይተላለፋል፤ ከ10 አዋቂዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ተሸክመውት ይኖራሉ። እርስዎም፣ ጎረቤትዎም፣ እኔም ሳይኖርብን አይቀርም።

ቀዶ ሐኪሙ ዴኒስ ቡርኪት ይህን የመንጋጋ እብጠት ኡጋንዳ ውስጥ በልጆች ላይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ጻፈ። ቫይረሱም የታየው በ1964፣ ከዚያው አገር ወደ ለንደን በተላከ ናሙና ነው።

ሁሉም ተሸክሞት ለምን የእኔን ልጅ ይላሉ። ቫይረሱ ቢ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ገብቶ እንዲባዙ ይገፋፋቸዋል። የተደጋገመ ወባም እነዚያኑ ያባዛል፤ ሰውነት ቫይረሱን የሚቆጣጠርበትንም አቅም ያላላል። ሴል በተከፋፈለ ቁጥር ክሮሞሶም፣ ማለትም ጂኖችን የተሸከመው ክር፣ ተሰብሮ ያለቦታው ሊገጠም ይችላል። በዚህ በሽታ ሴልን «ተባዛ» የሚለው ጂን ያለቦታው ገብቶ ማቆሚያ ያጣል። የዚህን በሽታ ናሙና በማይክሮስኮፕ ስመለከተው ጥቅጥቅ ባለ ጥቁር ሰማይ ላይ ፈዘዝ ያሉ ከዋክብት የተበተኑ ይመስላል። እነዚያ ፈዛዞች የሞቱ ሴሎችን የሚለቅሙ የሰውነት ሴሎች ናቸው። አያቱ ያጠፉት የለም፤ እርስዎም።

የደም ካንሰር ሁሉ ከቫይረስ ይመጣል ማለቴ ግን አይደለም። ኤችቲኤልቪ-1 የሚባል ሌላ ቫይረስ በአዋቂዎች ላይ አንድ ዓይነት ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ያመጣል፤ ያም ቢሆን ከተሸካሚዎቹ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚይዘው። አብዛኛው ሉኪሚያ የታወቀ ቫይረስ የለውም።

ቡርኪት ፈጥኖ ያድጋል፤ ለኬሞ መድኃኒትም ፈጥኖ ይሸነፋል። ስለዚህ አንድም ቀጠሮ አይለፈው። አሁን መጠበቅ ያለበት ከሌሎች ከሚመጣበት በሽታ ነው፤ ኬሞው ነጭ ሴሎቹን ያሳንስበታልና ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠጋው። ቴርሞሜትር ይግዙ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ያድርሱት።