ከባነሩ በፊት መዝገቡን እዩ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው አነስተኛና መካከለኛ ድርጅት ከፍታችሁ ደፋ ቀና ለምትሉት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት እንደ እናንተ ያሉ ድርጅቶችን ሒሳብ ስሠራ ነው። ስለዚህ ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት፣ ማለትም ድርጅት ለሠራተኛውና ለአካባቢው ስላለበት ግዴታ፣ የማወራው መዝገቡን ይዤ ነው።

ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ለበዓል በግ ማከፋፈልና ባነር ዘርግቶ ፎቶ መነሣት ነው። ደግ ነገር ነው። ግን ከሠራተኛችሁ ደመወዝ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ቆርጣችሁ፣ የራሳችሁን 11 በመቶ ሳትጨምሩ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ካዋላችሁት፣ በጉን የገዛችሁት በሠራተኛችሁ ገንዘብ ነው።

እስቲ ስሌቱን እንየው። አንዲት ጎበዝ ልብስ ሰፊ ሥራ ስትለቅ ምን ይጎድልባችኋል? አዲሷ እጇ እስኪፈታ ጨርቅ ይበላሻል። ትዕዛዝ ይዘገያል። ደንበኛ ይቆጣል። ይህ ሁሉ በደረሰኝ ስለማይመጣ ከሒሳቡ አይገባም፤ ኪሳራው ግን እውነተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለትንሽ ድርጅት ይከብዳል፣ አልዋሻችሁም። ሆኖም አራስ ሆና ደመወዟ ያልተቋረጠባት ሴት፣ ጎረቤት ድርጅት ትንሽ ብር ጨምሮ ቢጠራት እንዲህ በቀላሉ አትሄድም። ሌሎቹም ያያሉ።

አቅራቢም እንደዚሁ ነው። ሸማኔውን «ነገ ና» እያላችሁ ካመላለሳችሁት፣ ጥጥ የጠፋ ዕለት ያለችውን ጥቂት ለማን እንደሚሰጥ ታውቁታላችሁ።

ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችውን ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ድርጅት ተመልከቱ። የጎማ ሶል ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ በረባሶን የማያውቅ ማን አለ? እሷ ግን ለውጭ ገዢ ጫማውን ብቻ ይዛ አልቀረበችም። ማን እንደሠራውና ሠራተኛው እንዴት እንደተያዘ ጭምር የፍትሃዊ ንግድ ማረጋገጫ ይዛ ቀረበች። በርካሽ ዋጋ ብቻ ልወዳደር ብትል ከእስያ ፋብሪካዎች ጋር መቼ ትችለው ነበር?

ቡና ላይ ያላችሁ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እንዳይገባ የሚከለክለውን የደን ሕግ ሰምታችኋል። ተፈጻሚነቱ ቢገፋም ጥያቄው አልቀረም፤ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ አሳዩ ይላል። ገበሬውን በስሙ የሚያውቅና በወቅቱ የሚከፍል ነጋዴ የሥራውን ግማሽ ጨርሷል። በደላላ በኩል ብቻ ሲገዛ የኖረው ገና ሊጀምር ነው።

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነገር ልጨምር። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የሰጣችሁትን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት ይይዝላችኋል። ተቀባዩ ግን ሕጉ የሚያውቀው ድርጅት መሆን አለበት፣ ማስረጃም ይፈልጋል። የበዓሉ በግ እዚህ አይገባም።

ይህ ሁሉ መጥፎ ምርት አያሸጥላችሁም። ስፌቱ የሚተረተር ልብስ የሰፊዋ ደመወዝ ጥሩ ስለሆነ ማንም ሁለተኛ አይገዛውም።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ ከደመወዝ ቀን ጀምሩ። ቀኑን ቁረጡ፣ አትለፉት። ቀጥሎ የጡረታ መዋጮ፣ ከዚያ የአቅራቢ ሒሳብ። ገንዘብ ያጠራችሁ ወር ስልክ አጥፍታችሁ አትጥፉ። ቀኑ ሳይደርስ ደውሉና መቼ እንደምትከፍሉ ተናገሩ። ለባነሩ የሚተርፍ ካለ ከዚያ በኋላ እናወራለን።