ሽማግሌዎቹ ይሁን ካሉ በኋላ

እህቴ፣ ጥያቄሽ «ጥንዶችን ቤታቸው ሄደን አብረው የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርጉ ልናግዝ ነው፤ ዕቅዱን ስናወጣ የሃይማኖት አባቶችንና ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ማወያየት ይበቃል ወይ?» የሚል ነው። በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። አይበቃም።

ሽማግሌዎቹማ የግድ ናቸው። እነሱ ሳያውቁ በር ከተንኳኳ ወሬ ይነሳል፤ ወሬ ከተነሳ ደግሞ የሚከፍትልሽ የለም። ከእነሱ የምታገኙት ግን ይሁንታ ነው። ዕቅዱ የቱ ጋ እንደሚበላሽ የሚያውቁት በሩን የሚከፍቱት ሰዎች ናቸው፦ ነፍሰ ጡሮች፣ ባሎች፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ፣ በተለይ ደግሞ ውጤታቸው የተለያየ ጥንዶች። ሴቶቹንና ወንዶቹን ለየብቻ አወያዩ። አንድ ላይ ከሆኑ ሴቶቹ ዝም ይላሉ።

እኛን በጣም የጠቀመን ዕቅዱን በወሬ ከማስረዳት ይልቅ እንደ ድራማ መሥራቱ ነው። አንዷ ባለሙያ እንግዳ ሆና ገባች፤ ተሳታፊዎቹ ባልና ሚስት ሆኑ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ አንዲት ሴት «ቆይ» አለች። «ባሌ ‹የእኛን ቤት ማን ጠቆማቸው?› ቢለኝ ምን ልበለው?» ጥያቄዋ ዕቅዱን ቀየረው። ጉብኝቱ የቤተሰብ ጤና ጉብኝት ሆነ፤ የደም ግፊት መለካትና የእርግዝና ምክር ተጨመሩበት፤ ቤት ሳይመረጥ ሁሉም ይጎበኛል ተባለ። ወንዶቹ ደግሞ ጋውንና ጽሑፍ ያለበት ቦርሳ ይቅር፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ኑ አሉ። ልክ ነበሩ።

ከሁሉ በላይ እምቢ የሚባልበትን መንገድ አብራችኋቸው አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የጥንዶች ምርመራ መመሪያ ላይም የሁለቱም ፈቃድ ግዴታ ነው። ፈቃድ ግን ባል አጠገብ ተቀምጦ የሚጠየቅ ከሆነ ፈቃድ አይባልም። እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠይቁ። አንዷ ካልፈለገች ባለሙያው ምክንያቱን በራሱ ላይ ወስዶ «ዛሬ ምርመራውን አንሠራም» ይበል። ቤት ውስጥ ድብደባ ካለ ወይም ትፈራለች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ የጥንድ ምርመራው ይቅር።

ውጤቷን ቀድማ የምታውቅ፣ ምናልባትም ተደብቃ መድኃኒት የምትወስድ ሴትም አለች። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው እንደገና ቢመረመር ውጤቱ በስህተት ነጻ ሊል ስለሚችል ለማስመሰል ብላችሁ እንዳትመረምሯት። መቼና እንዴት እንደምትናገር፣ ወይም ጭራሽ እንደማትናገር፣ ራሷ ትወስን። ይህን ሐሳብ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ እናቶች እንጂ ሌላ ማን ያመጣላችኋል?

ውጤት ሲለያይ የሚነገረውንም ከጥንዶቹ ጋር አዘጋጁት። «ማን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ምርመራው ማን ቀድሞ እንደተያዘ አይነግርም፤ ይህ በግልጽ ይባል። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍም ይነገራቸው። ነጻ ለሆነው ደግሞ ፕሬፕ፣ ማለትም ቫይረሱ እንዳይይዘው አስቀድሞ የሚወስደው መከላከያ መድኃኒት፣ አለ።

ዕቅዱን ስትጨርሱ ወደ እነዚያው ሰዎች ተመለሱ። የቱን ሐሳባቸውን እንደተቀበላችሁ፣ የቱን ለምን እንደተዋችሁት ንገሯቸው። ሥራው ከተጀመረም በኋላ በየጊዜው ጥሯቸው፤ ጎረቤት ምን እያለ እንደሆነ ከእናንተ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው።