የፈረንሳይኛ ግሶች፦ ቀለም አከፋፈልና አነባበብ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ «ይናገራሉ» ሲጻፍ መጨረሻው ኧ-ኤን-ቴ ነው። «ፓርላን» ተብሎ ይነበባል?

መልስ፦ አይነበብም። የብዙ ቁጥር ምልክት የሆነው ኧ-ኤን-ቴ ግስ ላይ ድምፅ የለውም፤ «ኢል ፓርል» ነው። ዥ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ በነጠላም በብዙም ግሱ አንድ ቀለም (በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ የቃል ክፍል) ብቻ ነው። በመስመር መጨረሻ ሲከፈል ግን በሁለት ይከፈላል፤ የጽሑፍ ቀለምና የጆሮ ቀለም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ስም ላይ ከመጣ ይነበባል፦ «ኩቫን» (ገዳም) እና «ኤል ኩቭ» (ዶሮዎቹ ይታቀፋሉ) አጻጻፋቸው አንድ ነው። «ኢል ቪያን» (ይመጣል) አያሳስት፤ ነጠላ ስለሆነ በአፍንጫ ይነበባል። ብዙው «ቪዬን» ነው፣ እዚያ ምላስ ን ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ነጠላና ብዙ በጆሮ በምን ይለያል?

መልስ፦ ግሱ በአናባቢ ከጀመረ በ«ዝ»፦ ኢል ኤም (ይወዳል)፣ ኢል-ዜም (ይወዳሉ)። ዝ ከሚቀጥለው ቀለም ጋር ትሄዳለች። በ«ስ» ከተተካች ትርጉሙ ይቀየራል፦ ኢል-ዞን «አላቸው»፣ ኢል-ሶን «ናቸው»። በአንዳንድ ሌሎች ግሶች የመጨረሻውን ተነባቢ ማዳመጥ ነው፦ ፊኒ እና ፊኒስ (መጨረስ)፣ ቫን እና ቫንድ (መሸጥ)።

ጥያቄ፦ ድርብ ፊደል ይጠብቃል?

መልስ፦ አይጠብቅም፤ የአማርኛ ተናጋሪን በጣም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። «ዣፔል» (እጠራለሁ) ውስጥ ፕም ልም ድርብ ተጽፈው ላልተው ይነበባሉ። ሁለተኛው ል የገባው ከፊቱ ያለው አናባቢ «ኤ» ተብሎ እንዲነበብ ነው። «ኑ ዛፕሎን» ሲሆን አናባቢው ስለሚዋጥ አንድ ል ይበቃል። «ዣሼት» እና «ኑ ዛሽቶን» (መግዛት) በዚያው ሕግ ይሄዳሉ፣ ልዩነቱ ል በመደረብ ፋንታ አናባቢው ላይ ምልክት መደረጉ ነው። ጠብቆ የሚነበብም አለ፦ «ኢል ኩሬ» ር ሲላላ «ይሮጥ ነበር»፣ ሲጠብቅ «ይሮጥ ነበር፣ ቢችል ኖሮ»።

ጥያቄ፦ «ዶንሬ» (እሰጣለሁ) ሁለት ቀለም ከሆነ «ፓርለሬ» (እናገራለሁ) ለምን ሦስት ሆነ?

መልስ፦ በ«ዶንሬ» አናባቢው ቢዋጥ ን እና ር ብቻ ይገናኛሉ። በ«ፓር-ለ-ሬ» ቢዋጥ ር-ል-ር ሦስት ተነባቢ ይደረደራል፤ አፍ ስለማይቀበለው «ለ» ይቀራል። በደቡብ ፈረንሳይ ግን «ዶ-ነ-ሬ» የሚሉ ብዙ ናቸው፣ የጥንቱ የግጥም ቤትም እንዲሁ ይቆጥረዋል።

ጥያቄ፦ «ማንዦን» (እንበላለን) መሐል ያለችው ኧ?

መልስ፦ አትነበብም። ዤ የተባለችው ፊደል «ግ» እንዳትሆን ብቻ የቆመች ናት። ማን-ዦን፣ ሁለት ቀለም።

ጥያቄ፦ «ዥ ሊ» እና «ዤ ሉ»?

መልስ፦ የመጀመሪያው «አነባለሁ»፣ ሁለተኛው «አንብቤያለሁ»። በሁለተኛው «ሊ» እያሉ ከንፈርን ብቻ እንደ «ሉ» ማሞጥሞጥ ነው፤ ምላስ አይንቀሳቀስም።