መልስ፦ ዝገት የያዘ ራዲያተር ላይ አረንጓዴ አንቲፍሪዝ ልጨምርበት?

አትጨምርበት ወንድሜ። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ የተሞላበት ኮሮላ መጀመሪያ መታጠብ አለበት። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈት፣ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈትተህ ውሃውን አውጣና፣ መልሰህ ዘግተህ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ሙላው። የካቢን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተህ፣ የራዲያተሩ የላይኛው የጎማ ቱቦ እስኪሞቅ ድረስ ሞተሩን አሠራው። ቱቦው ሳይሞቅ ካጠፋኸው ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) አልተከፈተምና ዝገቱ ብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል ውስጥ ይቀራል። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድገመው፤ ግን በየዙሩ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል።

ቀለም ደግሞ ማቅለሚያ ብቻ ነው፣ አትመነው። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ኬሚካል እይ፤ ለቶዮታ ሲሊኬት የሌለበት፣ ፎስፌት ያለበትን ፈልግ። ሮዙ የቶዮታ ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አንቲፍሪዙ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ የሚሸጥ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበትም። ከታጠበ በኋላ ግን ብሎኩ ውስጥ ውሃ ስለሚቀር፣ ያልተበጠበጠውን ብትገዛ ይሻላል፦ ማኑዋሉ ጠቅላላ 6 ሊትር ይይዛል ካለ መጀመሪያ 3 ሊትር አንቲፍሪዝ፣ ቀሪውን በተጣራ ውሃ። ክዳኑን ሳትዘጋ አሠርተህ አየሩን አስወጣ።

የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ከደረቀ ክዳኑን ቀይረው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ይዘህ እንጦጦን ስትወጣ ያፈላብሃል።